ደመወዝ የሌለው ሥራ

በማኅበራችን አዳራሽ ቡና እየጠጣን ስንጨዋወት፣ በሃይፋ ከተማ ሁለት ዓመት ተኩል መኖራችን በተነሣ ቁጥር የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ይከፈላችሁ ነበር?» እንባላለን። «ደመወዝ አልነበረንም» ስንል ጠያቂው ፈገግ ይላል። የደበቅነው ነገር ያለ ይመስለዋል። አንዳንዱማ «ለኛም አትነግሩንም እንዴ!» ብሎ ይቀየማል። የዜና መጽሔታችን አዘጋጆች «ለምን ጽፋችሁ አትገላገሉም?» ስላሉን እነሆ ብዕር አነሣን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

እኛ ባልና ሚስት ነን። ከአዲስ አበባ ስንነሣ ባልየው የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሚስትየዋ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርን። በ2014 መገባደጃ ላይ ሁለታችንም ሥራችንን ለቀን፣ የቤት ዕቃችንን ለዘመድ አከፋፍለን፣ በሃይፋ በሚገኘው የባሃኢ የዓለም ማዕከል በፈቃደኝነት ለማገልገል ሄድን። ማዕከሉ የባሃኢ እምነት ዋና መሥሪያ ቤት ሲሆን ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ብዙ መቶ ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ያገለግሉበታል። መኖሪያ ቤት ይሰጣል፤ ለምግብና ለአውቶቡስ የሚሆን የኪስ ገንዘብም በየወሩ ይታደላል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። አገልጋዮቹ በአገሩ ሰው ዘንድ ስለ እምነት አይሰብኩም። እኛም ዛሬ በዚህ ጽሑፍ የምናወጋው ስለ ኑሮው ብቻ ነው።

የቀርሜሎስ ተራራ ሲባል ነቢዩ ኤልያስን የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ የለም። ሃይፋ ከባሕር ወደቧ ተነሥታ ይህንኑ ተራራ ተደግፋ ወደ ላይ የምትወጣ ከተማ ናት። ከታች ወደ ላይ የሚወስድ፣ በተራራው ሆድ ውስጥ የሚሄድ፣ በ1959 የተከፈተ ባለ ስድስት ጣቢያ ትንሽ ባቡር አላት። እኛ ግን ሳንቲም ለመቆጠብ ስንል ብዙውን ጊዜ በእግራችን ነበር የምንወጣው። ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚያሻግረው መንገድ አብዛኛው የድንጋይ ደረጃ ነው። የእንጦጦን ዳገት የለመደ እግር እንኳ በመጀመሪያው ወር ያማል።

የማዕከሉ የአትክልት ስፍራ ከተራራው ግርጌ እስከ ራሱ በ19 እርከን የተሠራ ነው። ርዝመቱ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከ1500 ያላነሰ ደረጃ አለው። በመካከሉ በ1953 የተጠናቀቀው ባለ ወርቃማ ጉልላት ሕንፃ ይታያል። እርከኖቹን የነደፉት በኢራን የተወለዱት ፋሪቦርዝ ሳህባ ናቸው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2001 ሲሆን፣ በ2008 ደግሞ ዩኔስኮ በአካ ከተማ ካሉት የባሃኢ ስፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። መግቢያው በነፃ ነው።

እንግዲህ ያ የሒሳብ ሠራተኛ እዚያ አትክልተኛ ሆነ። መምህርቷም በእንግዶች ማረፊያ የጽዳት ሥራ ያዘች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥተን፣ ሻይ በዳቦ ቀምሰን፣ ጎሕ ሲቀድ እንወጣለን። የአትክልተኞቹ የመጀመሪያ ሥራ መንገዱን ማበጠር ነው። የእግር መንገዱ በተፈጨ ቀይ ሸክላ የተነጠፈ ስለሆነ፣ ትናንት የረገጠው ሰው ዱካ እንዳይታይ ጥርስ ባለው መጥረጊያ ይስተካከላል። ከዚያ ሣር ማጨድ፣ ጥዱን በመቀስ ማስተካከል፣ የደረቀ አበባ መልቀምና በጋሪ ማጓጓዝ ይከተላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ጠብታ ዝናብ የማይታወቅበት አገር ስለሆነ ያለ ውሃ ሁሉም ነገር ይደርቃል። የወይራ ዛፍም አለ። እኛ ቅርንጫፉን ለወተት ዕቃ ማጠኛ እናውቀው ነበር፤ እዚያ ፍሬውን እየለቀመ የሚበላ ሰው ስናይ ገረመን።

አብረውን ከሚሠሩት ውስጥ በደመወዝ የተቀጠሩ የአገሩ ሰዎችም ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የሃይፋ ዓረብ ነው። ዕድሜው ከአባቶቻችን ዕድሜ ብዙ አያንስም። ባልየውን የመቀስ አያያዝ ያስተማረው እርሱ ነው። በምሳ ሰዓት እንጀራችንን አይቶ «ይህን ስፖንጅ ትበሉታላችሁ?» ብሎ ሳቀ፤ ቀምሶ ግን ደገመ።

የሥራው ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። እሑድን በቤቱ ለኖረ ሰው ይህን መልመድ ቀላል አይደለም። ዕረፍታችን ዓርብና ቅዳሜ ነበር። የመስከረም 1 በዓላችን አብዛኛውን ጊዜ ከእነርሱ አዲስ ዓመት ብዙ ስለማይርቅ፣ ከተማው ሁሉ ለኛ የሚያከብር መስሎ ይታየን ነበር። ቋንቋውም እንዲሁ። ዓይን ያው ዓይን ነው፤ ራስ «ሮሽ»፣ ስም «ሼም»፣ ነፍስ «ኔፌሽ»፣ ሰባት «ሼቫ» ይባላል። ውሻን «ኬሌቭ» ሲሉት በግዕዝ «ከልብ» መባሉን ያስታወስነው ሚስትየዋ የቄስ ትምህርት ቤት ስለቀመሰች ነው። ታዲያ ይህ ዝምድና አንዳንድ ጊዜ ጉድ ይሠራል።

በጥር ወር 2015 አንድ ዝናባማ ቀን ሀዳር በሚባለው ሰፈር አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆመው አየን። አይተው አላለፉንም። «ልጆቼ፣ አበሾች ናችሁ?» አሉን። ከዚያም ከብብታቸው አንድ ደብዳቤ አውጥተው «ይህን እዩልኝ። ይህ ልጅ ያነበዋል፤ ግን ለኔ አይፈታልኝም» አሉ። እኛ ደግሞ ገና ሦስት ወር ያልሞላን፣ የዕብራይስጥ ፊደል የማንለይ ሰዎች ነን። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። አነበበና ከብዙ ማሰብ በኋላ በአማርኛ «ሳቭታ ሐሙስ ቶር አላት» አለን። «ጦር?» ብለን ደነገጥን። የጦርነት ወሬ በማያልቅበት አገር ሌላ ምን ይታሰባል! እናትየው ነጠላቸው ከራሳቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ቶር ማለት ተራ ነው ልጆቼ፤ የሐኪም ተራ» አሉን። ሳቭታ ደግሞ አያት ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ እንላቸው ነበር። ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ቡና ያፈሉልን ነበር። ሚስትየዋ ለልጁ ሀ ሁ አስቆጠረችው፤ ልጁ ደግሞ ለሁለታችን የእነርሱን ፊደል አስተማረን። ከአያቱ ጋር አንድ ቤት እየኖሩ በደንብ የማይግባቡ መሆናቸው አሳዝኖን ነበር። እርሱ አማርኛውን ይሰማል፤ ሲናገር ግን ይጠፋበታል። እርሳቸውም ዕብራይስጡን ለገበያና ለሐኪም ያህል ብቻ ነው የሚያውቁት። በመጨረሻው ዓመት ልጁ በአማርኛ «እማማ፣ ደኅና አደርሽ» ብሎ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሰጣቸው። ማንበብ ባይችሉም ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

እማማ ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ትውልዳቸው ጎንደር፣ ወገራ ነው። በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወሰድ ከነበሩት አንዷ ናቸው። አንድ ቀን ቡናውን እየቀዱ «ማነው ለሥራችሁ የሚከፍላችሁ?» ብለው ጠየቁን። «ማንም» አልን። ጀበናውን አስቀመጡና «ታዲያ እናት አባታችሁን ማን ይጦራል?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ጥቂት ቆይተው «እኔም እናቴን ወገራ ትቻት ነው የመጣሁ» አሉና ወሬውን ለወጡት።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ይህ ጥያቄ ነው። ከእኛ አገር ሰው ወደ ውጭ የሚሄደው ሊልክ ነው። የባልየው አባት፣ ለሁለታችንም አባባ የምንላቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ልጃቸው ውጭ ነው» እያለ ሲያከብራቸው የቤታቸው ቆርቆሮ ግን ያፈስ ነበር። ከኪስ ገንዘባችን እየቆጠብን፣ አውቶቡሱን ትተን በእግር እየሄድን፣ በሦስት ወር አንድ ጊዜ 100 ዶላር ብንልክ ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችን ለአገልግሎት ብቻ የተሰጠ ስለነበር ማታ ማታ ሌላ ሥራ ለመሥራትም አይቻልም። ቆርቆሮውን ታናሽ ወንድማችን ተበድሮ አስለወጠው። አባባ በስልክ አልተቆጡንም። «የሰው ግቢ አትክልት ለማጠጣትማ ቦሌም ሥራ ሞልቶ ነበር» ብቻ አሉን። ሳቅን፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ለብዙ ሰዓት አልተነጋገርንም።

የሚገርመው አባባ ራሳቸው ከ20 ዓመት በላይ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ነበሩ። መዋጮ ይሰበስባሉ፤ ድንኳኑንና ወንበሩን ይቆጣጠራሉ፤ ሌሊት ሰው ሞተ ሲባል ካፖርታቸውን ደርበው ይወጣሉ። አንድ ሳንቲም አልተከፈላቸውም፤ እንዲከፈላቸውም አስበው አያውቁም። ይህን ስናስታውሳቸው «እድር ሌላ ነው፤ እድር የራስ ነው» ይሉናል። ክርክሩ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል። እኛም «የራስ» የሚባለው እስከ የት ድረስ እንደሆነ እያሰብን ወደ ሥራችን እንሄዳለን።

ሐሙስ ኖቬምበር 24 ቀን 2016 ሃይፋ በእሳት ተያዘች። ለወራት ዝናብ አልዘነበም፤ ደረቅ ነፋስ ነበር፤ እሳቱም ከዛፍ ወደ ዛፍ፣ ከጫካው ወደ ቤቶች ዘለለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ እንዲወጣ ተደረገ። ብዙ ቤት ተቃጠለ፤ በከተማዋ ግን በእሳቱ የሞተ ሰው አልነበረም። እኛ ያለንበት ድረስ አልመጣም፤ ጭሱ ግን ጉሮሯችንን ዘጋው። እማማ ደውለው «ወደኔ ኑ፣ እዚህ ይሻላል» አሉን። ማታ ደግሞ አባባ ደወሉ። ስልክ መደወል የማይወዱ ሰው ናቸው። ደኅና መሆናችንን ካረጋገጡ በኋላ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ነበርና «ኅዳር የሚታጠነው በ12 ነው፤ የናንተ አገር ሦስት ቀን ዘገየ» ብለው ቀለዱ። ቀጥለውም ባልየውን «ያጠጣኸው ቦታስ ተቃጠለ?» አሉት። «አልተቃጠለም አባባ» አላቸው። «ጎሽ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ብቻ ነው የተለዋወጥነው።

በየካቲት 2017 ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። አገር ቤት መርዶ ሲነገር ዘመድና ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን አስቀምጦ ነው። ለኛ ግን የወንድማችን ድምፅ ብቻ ነበር። ቀብሩ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ነው። ከቴል አቪቭ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ያህል ቢሆንም፣ ቲኬት የምንገዛበት ገንዘብ በእጃችን አልነበረም። ቢኖርም በዚያ ሰዓት አንደርስም። ድንኳኑን እድሩ ተከለ። መቃብሩን የሰፈር ጎረምሶች ቆፈሩ። እንጀራውን ጎረቤቶች ጋገሩ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ በስልክ ሰማን።

በሃይፋ በትንሿ ቤታችን ቁጭ ብለን ሳለን ሰው መምጣት ጀመረ። አብራን የምታጸዳ ከፓስፊክ ደሴቶች የመጣች ሴት የሰሌን ምንጣፍ ይዛ መጣችና መሬት ላይ አንጥፋ ቁጭ አለች። ዓረቡ አትክልተኛ በፔርሙስ ቡና ይዞ መጣ። ስኳር የለውም። በእነርሱ ዘንድ የኀዘን ቡና መራራ ነው። ከሰዓት በኋላ እማማ ሦስት ነጠላ የለበሱ ሴቶች አስከትለው ደረጃውን ወጡ። ልጁ ከኋላ ንፍሮ የሞላ ፌስታል ተሸክሟል። እማማ እንደገቡ መጀመሪያ የጠየቁት የአባባን ስም ነው፤ ቀጥሎ የአባታቸውን ስም፣ ቀጥሎ የተወለዱበትን አገር። ከዚያ በኋላ ቆመው በስማቸው እየጠሩ አለቀሱላቸው። አይተዋቸው የማያውቁትን ሰው በጎንደር ወግ አለቀሱላቸው። እያደር ስናስበው፣ በዚያ ቀን ያለቀሱት ለአባባ ብቻ አልነበረም፤ ወገራ ትተዋት ለመጡት እናታቸውም ጭምር ነው።

ፈቃድ ወስደን ከተበዳሪ ገንዘብ ጋር አዲስ አበባ የገባነው ከ40ው በኋላ ነው። እናታችን አቅፋ ተቀበለችን፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም። ወንድማችን ግን ማታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ «እናንተ የሰው አትክልት ስታጠጡ አባቴን እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለን። እውነቱን ነው። ባልየው ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው። ጠዋት የእድሩን ሰዎች ልናመሰግን ሄድን። አዲሱ ጸሐፊ የአባባን መዝገብ አውጥቶ አሳየን። ከ20 ዓመት በላይ በአንድ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፤ የማን ቀብር፣ ስንት ወንበር፣ ማን መለሰ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የራሳቸው የአባባ ቀብር በሌላ ሰው እጅ ተጽፏል።

አገልግሎታችንን በ2017 አጋማሽ ላይ ፈጽመን ተመለስን፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደዚህ ከተማ መጣን። ዛሬ ሁለታችንም ደመወዝ አለን። ለእናታችን በየወሩ እንልካለን። ከወንድማችን ጋር እንደዋወላለን፤ ልጆቹንም እናስተምራለን። ያችን ቃል ግን አላነሣትም፤ እኛም አንሣት አላልነውም። ባንሄድ ይሻል ነበር ለማለት አንደፍርም፤ መሄዳችን ትክክል ነበር ብለንም አንከራከርም። እኛ በሃይፋ ያለ ደመወዝ መንገድ ስናበጥር፣ አዲስ አበባ ያለ ደመወዝ የኛን ድርሻ የሠሩ ሰዎች እንደነበሩ ግን እናውቃለን። ሃይፋም ላይ እኛን ለማስተዛዘን ያን ሁሉ ደረጃ ለወጡት የከፈለ ማንም የለም።

ብዙዎቻችሁ በማኅበራችን ለቅሶ ላይ ወንበር ስንደረድር አይታችሁ «ተዉት፣ ወጣቶቹ ይሥሩት» ትሉናላችሁ። አንተወውም፤ ዕዳ አለብን። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችሁን ሀ ሁ የምናስቆጥረውም ስለዚሁ ነው። ከመካከላቸው አንዱ «ደኅና አደርሽ» ብሎ ለአያቱ በጻፈ ቀን ያንን ልጅ እናስታውሰዋለን።

እንግዲህ «ስንት ይከፈላችሁ ነበር?» ለሚለን ወዳጃችን መልሳችን አሁንም ያው ነው። ምንም አልተከፈለንም። ቡናው ግን ይፍላ፤ የቀረውን እየጠጣን እናወጋለን።